ዘፋኝ የሌለው ካሴት

እስኪ ጠጋ ጠጋ በሉ፣ ወገኖቼ። ከበርታም፣ ከጉሙዝም፣ ከሽናሻም፣ ከማኦና ከኮሞም የመጣችሁ፤ ወላጆቻችሁ ከወሎ ተነሥተው በዚህ አፈር ላይ ጎጆ የቀለሱላችሁም፤ ሁላችሁም ስሙኝ። የማወራላችሁ ታሪክ የተፈጸመው እዚህ አሶሳ አይደለም። ከ650 ኪሎ ሜትር በላይ ርቆ፣ አዲስ አበባ፣ ከለገሐር ብዙም ሳይርቅ በሚገኘው በራስ ሆቴል አዳራሽ ውስጥ ነው። ይሁን እንጂ እስከ መጨረሻው አዳምጡኝ። ታሪኩ እዚህ ደጃችሁ ድረስ ይመጣል።

ዓመቱ እ.ኤ.አ. 1976 ነው፤ በእኛ አቆጣጠር 1968 ወይም 1969 ዓ.ም.። ንጉሡ ከዙፋን ከወረዱ ሁለት ዓመት ሆኗል። ከተማይቱ በሰዓት እላፊ ሥር ናት። መሸት ሲል መንገዱ ጭር ይላል፤ ወታደር ብቻ ይቀራል። በዚያ ዘመን ለመዝናናት የወጣ ሰው ሁለት ምርጫ ነበረው፤ በጊዜ ቤቱ መግባት፣ ካልሆነም ሆቴል ውስጥ እስኪነጋ መቆየት። ስለዚህም ሙዚቀኞቹ ማታ መድረክ ላይ ይወጡና ጎህ ሲቀድ ይወርዱ ነበር። ልብ በሉ፣ ሌሊቱን ሙሉ መጫወት ማለት ምን እንደሆነ። አንድ ዘፋኝ ጉሮሮው እስኪደክም ይዘፍናል፤ ከዚያ አረፍ ይላል። ባንዱ ግን አያርፍም። ዘፋኙ ሲቀመጥ ጊታሩ ይቀጥላል፣ ሳክስፎኑ ይቀጥላል፣ ድራሙ ይቀጥላል። ታዳሚው ሳያስበው ያለ ዘፋኝ መጨፈርን ለመደ። ሙዚቀኞቹም ሌሊት ከሌሊት፣ ቃል ሳይናገሩ ሰው ማስጨፈር እንደሚችሉ አወቁ።

የዛሬው ታሪኬ የተወለደው ከዚያ ዕውቀት ነው።

እንዲገባችሁ ግን ትንሽ ወደ ኋላ ልመልሳችሁ። ዘመናዊ የምንለው ሙዚቃ ወደ አገራችን የገባው በነሐስ ነው፤ በጥሩምባ፣ በትሮምቦን፣ በከበሮ። እ.ኤ.አ. በ1924 አልጋ ወራሹ ራስ ተፈሪ ከኢየሩሳሌም ያመጧቸው አርባ የአርመን ልጆች፣ አስተማሪያቸው ኬቮርክ ናልባንዲያንም፣ የነፋስ መሣሪያውን ወግ በቤተ መንግሥቱ አጸኑት። ከዚያ የክቡር ዘበኛ ኦርኬስትራ መጣ፣ የፖሊስ ኦርኬስትራ መጣ፣ የጦር ሠራዊቱ መጣ፣ ሀገር ፍቅርና የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቲያትርም መጡ። በእነዚህ ኦርኬስትራዎች ውስጥ ጌታው ነፊው ነበር። ጊታር ቢኖርም ከኋላ ተቀምጦ ምቱን ጠባቂ ነው፤ ዜማውን የሚሸከመው ሌላ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ መጨረሻ ነገሩ ተገለበጠ። አሥመራ ላይ የአሜሪካኖቹ የቃኘው ጣቢያ አለ፤ ሬዲዮው ሶልና ሮክ ያስተላልፋል። የሰላም ጓዶች የሚባሉት አሜሪካውያን ወጣቶች ከ1962 ጀምሮ በየትምህርት ቤቱ ገብተዋል። አምኃ እሸቴ የሚባል ወጣት ነጋዴ መንግሥት በሸክላ ኅትመት ላይ የያዘውን ብቸኛ መብት ተዳፍሮ እ.ኤ.አ. በ1969 የራሱን ሸክላ ማሳተም ጀመረ። ሠላሳና አርባ ሰው የነበረው ኦርኬስትራ ወደ ስድስትና ሰባት ሰው ወረደ። ደመወዝ የሚከፍለው ጦር ሠራዊት መሆኑ ቀርቶ ሆቴልና የምሽት ክበብ ሆነ። የግል ባንዶች ተፈጠሩ። የኤሌክትሪክ ጊታሩም ከኋላ ወንበሩ ተነሥቶ ወደ ፊት መጣ።

ከእነዚያ ባንዶች አንዱ ሶል ኤኮስ ይባል ነበር። ሶል ኤኮስ ሲበተን ከውስጡ የወጡ ልጆች ሌላ ባንድ አቋቋሙ፤ አይቤክስ ባንድ አሉት። ሁለት ሰዎችን ያዙልኝ፣ ታሪኩ በእነሱ ትከሻ ላይ ነውና። አንዱ የቤዝ ጊታሩ ጆቫኒ ሪኮ ነው። ሌላው የሊድ ጊታሩ ሰላም ሥዩም ወልደማርያም። ጆቫኒ ከዚያ በፊትም ሙላቱ አስታጥቄ ኢትዮ ጃዝን በሸክላ ሲያስቀምጥ ቤዝ ከያዙት ሙዚቀኞች አንዱ ነው፤ ጃዝ ለእሱ ከሩቅ የሚሰማ ወሬ አልነበረም። ሰላም ደግሞ በሁለት እጁ ሁለት ነገር የያዘ ሰው ነው፤ በአንዱ ጊታር፣ በሌላው መጽሐፍ። በሌሊት ሲጫወት የኖረው ይህ ሰው በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የታሪክ ትምህርት ክፍል ገብቶ፣ እ.ኤ.አ. በ1988 የመመረቂያ ጽሑፉን የሠራው በኢትዮጵያ ዘመናዊ ሙዚቃ አመጣጥና ዕድገት ላይ ነው። ዛሬ ስለዚያ ዘመን የሚጽፉ ተመራማሪዎች የእሱን ጽሑፍ ይጠቅሳሉ። የራሱን ሙያ ታሪክ ራሱ መርምሮ የጻፈ ጊታሪስት ስንት አለን?

አይቤክስ ማን እንደሆነ ለማወቅ ከፈለጋችሁ ማህሙድ አህመድን ጠይቁ። እ.ኤ.አ. በ1975 «እሬ መላ መላ»ን ሲቀርጽ ከኋላው የነበረው ይህ ባንድ ነው። ያንን ሥራ የሰማችሁ ታውቃላችሁ፤ ቤዙ አንዲት አጭር ሐረግ ይዞ ይዞራል፣ ይዞራል፣ አይታክትም። ጊታሩ በላዩ ላይ ቆረጥ ቆረጥ ያደርጋል። ሳክስፎኑ እንደ ሰው ያቃስታል። ማህሙድ የሚያለቅሰው በዚያ መንኮራኩር ላይ ተቀምጦ ነው። አሳታሚው አሊ አብደላ ካይፋ፣ ፒያሳ አሊ ታንጎ ብላ የምታውቀው ሰው ነበር። ሸክላው ወጣ፤ አገር ወደደው። በሽፋኑ ላይ ትልቁ ስም የማህሙድ ነው፤ ይገባዋልም። የባንዱ ስም ግን እንደ ወጉ ከታች ነው።

ይህ ወግ ነው እንግዲህ የታሪኬ ጉዳይ። በእኛ አገር ዘፈን የዘፋኙ ነው። «የጥላሁን ዘፈን»፣ «የማህሙድ ዘፈን»፣ «የአስቴር ዘፈን» እንላለን። ግጥሙን ማን ጻፈው? ዜማውን ማን ደረሰው? ያቺን ልብ የምታንሰፈስፍ የቤዝ ሐረግ ማን አመጣት? ስንቱ ይጠይቃል? አጃቢ የሚለው ስም ራሱ ሰውየውን ከጎን ያቆመዋል። አይቤክሶች ለዘፋኞች ሁሉ አጃቢ ሆነው ሲኖሩ አንድ ቀን የራሳቸውን ነገር ለመሥራት ቆረጡ። ዘፋኝ የለበትም። ግጥም የለበትም። የሚናገረው መሣሪያው ብቻ ነው። በራሳቸው ስም ላወጡት ለዚህ የመጀመሪያ ካሴታቸው የሰጡት ርእስም ሥራውን በግልጽ የሚናገር ነው፤ «ስቴሪዮ ኢንስትሩሜንታል ሚዩዚክ»።

እሺ፣ ይቀረጽ። የት? ይህን ጥያቄ ያዙት፤ በኋላ እመለስበታለሁ። ዛሬ ወጣቱ አልበም ላውጣ ሲል መጀመሪያ የሚያስበው ስቱዲዮ ነው፤ ግድግዳው በስፖንጅ የተሸፈነ ክፍል፣ መስታወት፣ ከመስታወቱ ወዲያ የተቀመጠ ባለሙያ። አይቤክሶች ያ ሁሉ አልነበራቸውም። የነበራቸው ሌሊት ሌሊት የሚጫወቱበት የራስ ሆቴል አዳራሽ ነው። ራስ ሆቴል ማለት፣ ኔልሰን ማንዴላ እ.ኤ.አ. በ1962 ለትግላቸው ድጋፍ ፍለጋ አዲስ አበባ ሲመጡ ያረፉበት ሆቴል ነው። በዚያው አዳራሽ፣ ሰው በማይኖርበት ሰዓት፣ ወንበሩና ጠረጴዛው ዝም ባለበት፣ መሣሪያቸውን ዘረጉ።

የመቅረጹን ሥራ የያዘላቸው ካርል ጉስታቭ ሉንድግሬን የሚባል ስዊድናዊ ነው። ብሥራተ ወንጌል ሬዲዮ ጣቢያ ይሠራ ነበር። ያ ጣቢያ የሉተራን ቤተ ክርስቲያናት ኅብረት እ.ኤ.አ. በ1963 አዲስ አበባ ላይ የከፈተው፣ በብዙ ቋንቋ ወደ አፍሪካና እስያ የሚያስተላልፍ ትልቅ ጣቢያ ነበር። ድምፅ የመቅረጽ ዕውቀት ያለው ሰው በከተማው ቢፈለግ፣ የሚገኘው እንዲህ ያለ ቦታ ነው። ሉንድግሬን ባለአራት ትራክ መቅጃ ይዞ ወደ አዳራሹ ገባ።

እስኪ ይህችን ነገር በቅርብ እንያት፣ ምክንያቱም የካሴቱ ነፍስ እዚህ ላይ ናት። ከዚያ በፊት በአገራችን አብዛኛው ቀረጻ የሚካሄደው ሁሉም በአንድ ላይ ቆሞ፣ በጥቂት ማይክሮፎን፣ በአንድ ትንፋሽ ነበር። ድራሙ ከበዛ በዝቷል፤ ጊታሩ ከተዋጠ ተውጧል፤ መላ የለውም። በባለአራት ትራክ መቅጃ ግን የቴፑ ክር በወርዱ ለአራት መስመር ይከፈላል። ድራሙን ለብቻው አንድ መስመር፣ ቤዙን አንድ መስመር፣ ጊታሩን አንድ፣ የቀሩትን አንድ ላይ ማድረግ ይቻላል። ሁሉም ገመዳቸውን ሰብስበው ከሄዱ በኋላ ባለሙያው ተቀምጦ አንዱን ከፍ፣ ሌላውን ዝቅ ያደርጋል፤ ይህን ወደ ግራ ጆሮ፣ ያንን ወደ ቀኝ ጆሮ ይልካል። ስቴሪዮ የሚለው ቃል ከርእሱ ላይ የተቀመጠውም ለዚህ ነው። አራት መስመር ዛሬ በየኪሳችን ካለው ስልክ ጋር ሲነጻጸር ኢምንት ነው። ለአጃቢ ሙዚቀኛ ግን ትርጉሙ ከባድ ነበር፤ ቤዙ ከጭጋግ ወጥቶ ራሱን ችሎ ተሰማ። ጊታሩ የራሱ ቦታ ተሰጠው። መሣሪያው የራሱ ክፍል ያገኘ ቤተሰብ ሆነ።

አሁን ድምፁን ላውራላችሁ። የምትሰሙት ሮክ ነው ብትሉ አልተሳሳታችሁም፤ ጊታሩ ፊት ነው፣ ይጮኻል፣ ይጣመማል። ጃዝ ነው ብትሉም አልተሳሳታችሁም፤ አንድ ዜማ ተይዞ አንዱ ለሌላው እየሰጠ፣ እያንዳንዱ የራሱን ጨምሮ ይመልሰዋል። ፈንክ ነው ብትሉ ቤዙና ድራሙ ይመሰክሩላችኋል። ከሥሩ ግን የእኛው ቅኝት አለ። አምስት ድምፅ። ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰልና አንቺሆዬ የቆሙበት ያ አምስት ድምፅ። ክራር የሰማ ጆሮ የሰላምን ጊታር ሲሰማ ዘመዱን ያውቃል። ክራረኛው በግራ እጁ ጣቶች አንዳንዱን ጅማት አፍኖ፣ በቀኝ እጁ ሁሉንም በአንድ ይመታል፤ ያልታፈኑት ብቻ ይጮኻሉ። ጊታሪስቱም ክሩን ሳይለቅ አፈን አድርጎ ሲቆርጠው ያው የክራር ትንፋሽ ይወጣል፤ አጭር፣ ደረቅ፣ ቶሎ የሚሞት። እና በዚያ ላይ ዜማው ሲወጣ ረዥም፣ የሚንገላታ፣ የሚያለቅስ ይሆናል። ቃል የለም፤ ሆኖም ምን እንደተባለ ይገባችኋል።

ከአይቤክስ በኋላ የሆነውን በአጭሩ ላሳልፈው፣ ሐዘንም ደስታም አለበት። ካሴቱ በተቀረጸ በቀጣዩ ዓመት፣ መጋቢት 3 ቀን 1969 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ማርች 12፣ 1977)፣ ደርግ ብሥራተ ወንጌል ጣቢያን ወረሰው፤ የአብዮታዊት ኢትዮጵያ ድምፅ አደረገው። አምኃ እሸቴ ቀደም ብሎ በ1975 ከአገር ወጥቷል። ቀይ ሽብር መጣ። ስንቱ ወጣት ጠፋ፣ ስንቱ ቤት ጨለመ፣ የምትዘነጉት አይደለም። በዚያው በ1977 ዋልያስ ባንድ ከኃይሉ መርጊያ ጋር «ቼ በለው»ን በሸክላ አወጣ፤ እሱም ያለ ዘፋኝ ነው፣ «ሙዚቃዊ ስልት» የሚባለው ሥራ ያለበት። ስለዚህ አይቤክስ ብቻውን አልነበረም፤ በሁለት ዓመት ውስጥ ሁለት ባንዶች ያለ ዘፋኝ ቆመን እንሰማለን አሉ። በ1981 ዋልያሶች ለጉብኝት አሜሪካ ሄዱ፣ ገሚሶቹ እዚያው ቀሩ። አይቤክስ ፈረሰ፤ ጆቫኒና ሰላም ግን ከፍርስራሹ ላይ ሮሃ ባንድን አቆሙ። በካሴቱ ዘመን ሮሃ የአገሪቱ የጀርባ አጥንት ሆነ። የኤፍሬም ታምሩን ሰምታችሁ ከሆነ፣ የነዋይ ደበበን ሰምታችሁ ከሆነ፣ ሮሃን ሰምታችኋል። እነዚያ ካሴቶች በአውቶቡስ ነቀምትን፣ ጊምቢን፣ መንዲን አልፈው ወደዚህ ምዕራብ ሲመጡ፣ የሰላም ጊታርም ስሙ ሳይጠራ አብሮ ይመጣ ነበር።

በውጭ ደግሞ ዓለም መንቃት ጀመረ። እ.ኤ.አ. በ1986 «እሬ መላ መላ» ብራስልስ ላይ በክራምድ ዲስክስ ታተመ፤ ፈረንሳዊው ፍራንሲስ ፋልሴቶ ነበር የደከመለት። በ1999 በኢትዮፒክስ ተከታታይ 7ኛ ቅጽ ሆኖ ዳግም ወጣ። ያኔም ቢሆን ዓለም የሰማው ዘፋኙን አስቀድሞ ነው። ያ ዘፋኝ የሌለው የ1976 ካሴት ግን ለረዥም ዘመን በየሰብሳቢው ቤት ተደብቆ ኖሮ፣ በቅርብ ዓመታት ሙዚቃዊ የተባለ አሳታሚ አንሥቶ፣ አጥርቶ፣ ዳግም አሳትሞታል። ዛሬ ከፈለጋችሁ ልትሰሙት ትችላላችሁ። በኋላ የመጡትም መንገዱን አልሳቱትም። ጊታሪስቱ ግሩም መዝሙር አዲስ አኮስቲክ ፕሮጀክትን አቋቁሞ የአባቶቹን ዜማ እ.ኤ.አ. በ2011 በወጣው «ትውስታ» አሳየ። ጃኖ ባንድም በ2012 «ኤርታሌ»ን፣ የመጀመሪያ አልበሙን፣ አሜሪካዊው ቢል ላስዌል ፕሮዲዩስ አድርጎለት አወጣ፤ የሮክ ጊታሩ ከፊት፣ የኢትዮጵያ ቅኝት ከሥሩ።

እንግዲህ ወደ አሶሳ ልምጣ።

እናንተ የዋዛ ባለቤቶች ናችሁ። ዋዛን ለማያውቀው አንባቢ እናገራለሁ፤ እናንተ ታውቁታላችሁ። ቅል ይቆረጣል፤ አንዱ ቁራጭ በሌላው አፍ ውስጥ እየገባ ይያያዛል፤ እየረዘመ ይሄድና አንዳንዱ ከሰው ቁመት ይበልጣል፣ አንዳንዱ ያጥራል። ረዥሙ ዝቅተኛውን ድምፅ ይሰጣል፣ አጭሩ ከፍተኛውን። እያንዳንዱ ነፊ በመሠረቱ አንድ ድምፅ ብቻ ነው ያለው። አንድ። ብቻውን ቢቆም ዜማ ሊሆንለት አይችልም። አሥርና ከዚያ በላይ ሆነው ሲሰለፉ ግን፣ አንዱ ተራውን ጠብቆ የእሱን ድምፅ ያስገባል፣ ቀጣዩ ወዲያው ይቀበለዋል፣ ሦስተኛው ይመልሳል፤ ዜማው ከሰው ወደ ሰው እየዘለለ ይሄዳል። በትከሻ የተያዘውን እንጨት በከብት ቀንድ እየመቱ ምቱን የሚጠብቁም አሉ። ሴቶቹ ይዘፍናሉ፣ ሰዉ ክብ ሠርቶ ይጨፍራል። ያንን ዜማ ማን ዘፈነው ብትሉ መልሱ የለም፤ ሁሉም ነው። አንዱ ነፊ ቢታመምና ቢቀር ዜማው ጥርሱ የወለቀ ይሆናል።

እስኪ አስቡት። አይቤክሶች በ1976 በብዙ ድካም የደረሱበት ነገር፣ ዜማው የአንድ ሰው ሳይሆን የሁሉም የሚሆንበት ሙዚቃ፣ በበርታ ምድር የቆየ ወግ ነው። አዲስ አበባ ዘፋኙን ፊት አቁሞ ባንዱን ከኋላ ሲያደርግ፣ እዚህ ፊትና ኋላ የለም። ጆቫኒ አንድ ሐረግ ይዞ ሳይታክት የሚዞረውን፣ ረዥሙ ዋዛ አንዲት ድምፅ ይዞ ሳይታክት ያደርገዋል። ጊታሩ በክፍተቱ ገብቶ የሚቆርጠውን፣ አጭሩ ዋዛ በክፍተቱ ገብቶ ይሞላዋል። አንዱ ከሌላው ተማረ አልልም። ሁለቱ አንድ ዓይነት ጥበብ በየራሳቸው መንገድ አገኙ እላለሁ፤ ስለዚህ አብረው ቢጫወቱ የሚያስተዋውቃቸው ሰው እንኳ አያስፈልጋቸውም።

በዚህ ላይ አሶሳ ሌላ ሀብት አላት። በ1970ዎቹ ዓ.ም. በሠፈራ ከወሎ የመጡት ሰዎች፣ በቁጥር በሚጠሩት መንደሮች የተቀመጡት፣ ድርቅ ሁሉን ነጥቋቸው ሲመጡ ያልተነጠቁት አንድ ነገር ነበራቸው። አምባሰልና ባቲ የወሎ ቦታዎች ናቸው፤ የቅኝቶቹም ስም። እነዚያ ቅኝቶች ከሰዎቹ ጋር እዚህ መጥተው ከዋዛው መንደር አጠገብ ተቀመጡ። የመጡበት መንገድ ቀላል አልነበረም፤ በዚያ ሠፈራ ብዙ ሰው ያለ ውዴታው ተነሥቷል፣ ብዙ ሰው ሞቷል፣ እዚህ የነበረውም ሕዝብ መሬቱ ሳይጠየቅ ተሰጥቶበታል። ኋላም በዚህ ክልል የፈሰሰውን ደም ሁላችንም እናውቃለን። ሙዚቃ ያንን ሁሉ ይጠግናል ብዬ አልዋሻችሁም። የእርቅን ሥራ ሽማግሌና ፍርድ ቤት ይሥሩት። ነገር ግን በአንድ አዳራሽ ውስጥ የወሎ ልጅ ክራሩን፣ የበርታ ልጅ ዋዛውን ይዞ፣ አንዱ ሌላው ተራውን እስኪሰጥ ዝም ብሎ ሲጠብቅ፣ የሚማሩት ነገር አለ።

ሦስተኛውም ሀብት ከድንበሩ ማዶ ነው። በርታ በሱዳንም አለ፤ ዋዛም እዚያ ይነፋል። የኦምዱርማን ሬዲዮ ድምፅ በዚህ አካባቢ እንግዳ ሆኖ አያውቅም። የሱዳን ዘፈንም እንደ እኛው በአምስት ድምፅ የቆመ ነውና ጆሯችን አያስተናግደውም አይባልም። ሱዳናዊው ዘፋኝ መሐመድ ወርዲ እ.ኤ.አ. በ1994 አዲስ አበባ መጥቶ ሲዘፍን የነበረውን ሕዝብ፣ ቀረጻው ዛሬም ይመሰክራል። የእኛን ጥላሁንና ማህሙድን ደግሞ ካርቱም ትወዳቸዋለች። አሶሳ በእነዚህ ሁለት ትልልቅ ሙዚቃዎች መካከል በር ላይ ቆማለች። በር ላይ የቆመ ሰው የሁለቱንም ቤት ወሬ ይሰማል።

ያስያዝኳችሁን ጥያቄ አሁን መልሱልኝ። የት ይቀረጽ? ስቱዲዮ እስኪሠራ መጠበቅ አያስፈልግም። የአይቤክስ የመጀመሪያ ካሴት የሚነግረን ትልቁ ነገር ይህ ነው። ሆቴል አዳራሽ በቂ ነበር። ከሌላ መሥሪያ ቤት የመጣ አንድ ዐዋቂ በቂ ነበር። አራት መስመር በቂ ነበር። በዚያ ላይ ሰዓት እላፊ ነበር፣ ፍርሃት ነበር፤ ሆኖም ሠሩት፣ ከግማሽ ምዕተ ዓመት በኋላም ይሰማል። አሶሳ ዛሬ አዳራሽ አላት። ዩኒቨርሲቲ አላት። በየቤቱ ጊታር የሚሞክር ልጅ አለ። የትናንቱ አራት መስመር ዛሬ በአንድ ላፕቶፕ ላይ አርባና ሰማንያ መስመር ሆኗል። የጎደለው ዕቃ አይደለም።

እንዴት ይሠራ ለሚል የማውቀውን ልናገር። ዋዛውን ለጌጥ አታስገቡት፤ መግቢያ ላይ ዐሥር ሰከንድ አስነፍታችሁ ከዚያ በኪቦርድ አትሸፍኑት። ዋዛው መሠረቱ ይሁን፣ ጊታሩ በላዩ ይገንባ። ቅል እንደ ፒያኖ ተለክቶ አልተሠራም፤ የዋዛው ድምፅ ከጊታሩ ጋር እኩል አይገጥምም። ያኔ ጊታሩ ወደ ዋዛው ይቃኝ እንጂ ዋዛው ወደ ጊታሩ አይቆረጥ። የጊታር ክር በጣት ጫፍ ይጠበቃል፣ ይላላል፤ የተቆረጠ ቅል ግን ተመልሶ አይቀጠልም። ነፊዎቹን አንድ በአንድ ለየብቻ ክፍል አስገብታችሁ አትቅረጿቸው፤ አንዱ የሌላውን ትከሻ ሳያይ ተራውን አያውቅም። በክብ ይቁሙ፣ ማይክሮፎኖቹ ወደ እነሱ ይሂዱ። ድራመሩም እንጨትና ቀንድ የያዙትን ያዳምጥ፤ ምቱን የሚመሩት እነሱ ይሁኑ። ቤዙ ከረዥሙ ዋዛ ጋር ይስማማ፤ ሁለቱም በታችኛው ድምፅ ላይ የሚኖሩ ናቸውና አንዱ ሲናገር ሌላው ይተው።

አንድ ነገር ግን ከሁሉ በላይ አደራ እላችኋለሁ። ስም ጻፉ። በሽፋኑ ላይ «የባሕል ቡድን» ብላችሁ አትለፉ። ረዥሙን ዋዛ የነፋው እገሌ፣ አጭሩን እገሌ፣ እንጨቱን የመታው እገሌ፣ የዘፈነችው እገሊት፣ ከየትኛው ቀበሌ፣ በየትኛው ቀን፤ ሁሉም ይጻፍ። ከሚገኘው ገንዘብም ከነ ስማቸው ይከፈላቸው። ጊታሪስቱ ሰላም ሥዩም በሌሊት እየተጫወተ በቀን ታሪክ ያጠናው ለምን ይመስላችኋል? አጃቢ ስሙ ካልተጻፈ ታሪኩን ሌላ ሰው እንደሚጽፍበት ስላየ ይመስለኛል። የእናንተን ሙዚቃ ከውጭ የመጡ ሰዎች ቀርጸው በየቤተ መዛግብታቸው አስቀምጠዋል፤ ይመስገኑ። የአሶሳ የመጀመሪያ ጊታርና ዋዛ አልበም ግን በአሶሳ ልጆች እጅ፣ በአሶሳ አዳራሽ ይቀረጽ።

ወጣቶች፣ ጊታራችሁን ይዛችሁ ወደ ነፊዎቹ መንደር ሂዱ። መጀመሪያ ተቀመጡና ስሙ። ሰምታችሁ ስትጨርሱ ከመካከላቸው አንድ ባዶ ቦታ፣ አንድ ያልተነፋ ድምፅ ስጡን በሏቸው። ከሰጧችሁ በዚያች በአንዲት ድምፅ ጀምሩ። አይቤክስም የጀመረው ከሰው ኋላ ቆሞ ነው፤ የራሱን ካሴት ያወጣው ደግሞ ማዳመጥን ከተማረ በኋላ ነው።